የአምስት ደቂቃዋ ነገር

ጆርጂያ ውስጥ፣ ሳቫና አጠገብ፣ እንግዶችን ዓሣ ለማጥመድ ይዞ በሚወጣ ጀልባ ላይ ረዳት ነኝ። መንጠቆ አስራለሁ፣ ሽሪምፕ እሰካለሁ፣ የተያዘውን አላቅቃለሁ፣ መልህቅ እጎትታለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መስከረም ላይ ነው። ጨረቃ ሙሉ ልትሆን አንድ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ከአትላንታ አራት ሐበሾች መጡ። ትልቁ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ዝዋይ ነው ያደጉት። «ዓሣ ሲነጋጋ ነው!» ብለው ጀልባውን ለጠዋት 1 ሰዓት አስይዘዋል። የዘወትሩ ካፒቴን ስላመመው በምትኩ ሌላ ሰው ተመደበ። ከሰሜን ጆርጂያ ሐይቆች የመጣ፣ ጀልባ አነዳዱ የሚያስቀና ሰው ነው።

ጋሼና ካፒቴኑ ብዙም ሳይነጋገሩ ተግባቡ። ሁለቱም የሐይቅ ሰዎች ናቸው። ሐይቅ ላይ ወሳኙ ብርሃኑ ነው። እኔም ሐዋሳ ነው ያደግሁት፤ መረብ አመሻሽ ላይ ይጣላል፣ ሲነጋ ይነሳል፣ ውሃው ማታ የተዉት ቦታ ይገኛል። እዚህ ግን ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ልዩነቱ በአማካይ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ይብሳል፤ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡት።

1 ሰዓት ላይ ውሃው ጢም ብሏል። በረግረጉ ሣር መሀል ወዳለች ጠባብ ቦይ ገባን። መጀመሪያ ዝም አለ። ውሃው መጉደል ሲጀምር ግን ዘንጉ ሁሉ ይጎብጥ ጀመር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውሃው ሲወጣ ሣሩ ውስጥ የተደበቀውን ሽሪምፕና ትንንሽ ዓሣ ይዞት ይወጣል። ትልቁ ዓሣ ሠርግ ቤት ጓዳው በር አጠገብ እንደሚቀመጥ ብልጥ እንግዳ መውጫው ላይ ይጠብቃል።

3 ሰዓት ተኩል ላይ የቦዩ አፍ ላይ ያለው የኦይስተር (እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚከመር ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) ክምር ጫፍ ብቅ አለ። ለካፒቴኑ ነገርኩት። የጥልቀት መለኪያውን አሳየኝ፤ ከጀልባዋ በታች ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ አለ። እውነቱን ነው። ግን የምንወጣው በቦዩ አፍ በኩል ነው እንጂ በቆምንበት በኩል አይደለም። ጋሼ ደግሞ ዘንጋቸው ጎብጧል። «አምስት ደቂቃ!» አሉ። ካፒቴኑም «ፋይቭ ሚኒትስ» አለ።

ባሕር እኩል አይጎድልም። ስድስት ሰዓት ገደማ ከሚፈጀው ጉድለት የመጀመሪያው ሰዓት አያስታውቅም። በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን ከጠቅላላው ውሃ ግማሹ ይሄዳል። በዚያ ቀን ሒሳብ በደቂቃ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አምስቷ ደቂቃ ተደጋገመች። መልህቁን ስናነሳ መውጫው ተዘግቶ ነበር።

ካፒቴኑ ጀልባዋን ልግፋ ብሎ ወረደ። ጭቃው ጭኑ ድረስ ዋጠው። እኛ በገመድ ስንጎትተው እግሩ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። የኦይስተሩ ዛጎል በጣም ስለታም ስለሆነ በእግር መሻገርም አይታሰብም። የጀልባዋ ባለቤት ጋ ስንደውል «ውሃው እስኪመለስ ቁጭ በሉ» አለን። ቁጭ አልን። ጭቃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሸርጣኖቹ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ይሯሯጣሉ፣ እኛ ቆሎ እንቆረጥማለን። ውሃው 7 ሰዓት አልፎ እስከ መጨረሻው ሲጎድልና ሲቆም የሚነክስ ነገር አልነበረም።

9 ሰዓት ሲሆን በኦይስተሮቹ መሀል ባለችው ክፍተት አረፋ እየገፋ ውሃ መግባት ጀመረ። ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች። «ዘንግ ያዙ» ስላቸው ጋሼ ሳቁብኝ፤ «በዚህ ሐሩር? ዓሣው ተኝቷል ልጄ!»

ትንሹ ልጅ ብቻ ወረወረ። ወዲያው አንድ ሬድፊሽ የሚባል ዓሣ ጀርባው ከውሃ ወጥቶ፣ ጅራቱ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ እየታየች፣ ውሃውን እየቀደደ መጣ። ሽሪምፑን ነጠቀና መስመሩን ይዞ ሄደ። ጋሼ ቆሎውን ትተው ተነሱ። የዕለቱን ትልቁን ዓሣ የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ጀልባዋ የተንሳፈፈችው።

ማለዳ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በሞቃቱ ወራት ሲነጋጋ ውሃው ቀዝቀዝ ይላል፣ ትራውት የሚባለው ዓሣም በደብዛዛ ብርሃን ላይ ላዩን ያድናል። በቀዝቃዛው ወራት በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ፀሐይ ያሞቀችው ጭቃ፣ ተመልሶ የሚሸፍነውን ውሃ ያሞቀዋል። ማለዳውና የሚሮጥ ውሃ ከተገጣጠሙማ ምን ይፈለጋል! አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን የሚሮጠውን ውሃ እመርጣለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የምንይዘው ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ዘርግተን ነው። ጋሼ አሁንም ይደውላሉ። «ውሃው ስንት ሰዓት ይዞራል?» ነው የሚሉት። ጥሩው ሰዓት እሑድ ጠዋት ሲውል «ቅዳሴ አለብኝ፣ ያንኑ ሰዓት ቅዳሜ አድርግልኝ» ይሉኛል። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ስለሚመጣ የቅዳሜው ያንን ያህል ይቀድማል፤ ስለዚህ ገና በጨለማ እንነሳለን እላቸዋለሁ። ይስማማሉ። አንዳንዴ ታዲያ ራሳቸው ያረፍዳሉ።