ማግኒዚየም ሰልፌት ስሰጥ፦ በየአራት ሰዓቱ የሚሰጠው መርፌ ከመወጋቱ በፊት

በማዋለጃ ክፍል ከምሰጣቸው መድኃኒቶች ሁሉ አብዝቼ የምጠነቀቅለት ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ) ወይም ኤክላምፕሲያ (ይኸው በሽታ መንቀጥቀጥ ሲያመጣ) ያለባትን እናት ከመንቀጥቀጥ ያድናታል፤ በሰውነቷ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል።

መጀመሪያ አምፑሉን፣ ማለትም የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ አነባለሁ። 50 በመቶ ከሆነ አንዱ ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ይይዛል፤ ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ 5 ግራም፣ ባለ 2ቱ 1 ግራም ነው። ስለዚህ «ሁለት አምፑል ስጪ» የሚል ትእዛዝ አልቀበልም፤ በግራም እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

የመነሻው መጠን 4 ግራም በደም ስር ነው። ሳይቀጠን አይሰጥም፦ በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 8 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ስቤ 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ስጨምርበት 20 በመቶ ይሆናል። ሰዓት እያየሁ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ እሰጣለሁ። ቀድሜም «የኔ እናት፣ ሰውነትሽን ሙቀት ሙቀት ይልሻል፤ አይዞሽ፣ ያልፋል» እላታለሁ። ያልተነገራት ሴት ትደነግጣለች፣ እጇንም ታነሳለች፤ ያኔ መርፌው ከደም ስሩ ይወጣል።

ወዲያው በሁለቱም መቀመጫ ጡንቻ በጥልቀት 5፣ 5 ግራም እወጋለሁ። በጣም ስለሚያም በእያንዳንዱ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) እቀላቅላለሁ። ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ። በመድኃኒቱ ላይ መንቀጥቀጥ ከተመለሰና ከመነሻው መጠን 15 ደቂቃ ካለፈ 2 ግራም በደም ስር ይደገማል።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ ሰዓቱ መድረሱ ብቻውን ለመውጋት እንደማያበቃ ነው። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ። ትንፋሿን ሙሉ 60 ሰከንድ እቆጥራለሁ፤ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የ15 ሰከንዱን በአራት ማባዛት እዚህ አይሠራም፤ የአንዲት ትንፋሽ ስሕተት አራት ትሆናለች።

ቀጥሎ ጉልበት። እጄን ከጉልበቷ ስር አስገብቼ እግሯ ሙሉ በሙሉ ሲላላ ከጉልበቷ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት እመታለሁ። እግሯ ካልዘለለ፣ የሁለት እጇን ጣቶች አቆላልፋ እንድትጎትት አድርጌ እደግመዋለሁ፤ እግሯን ያጠነከረች ሴት ሪፍሌክሷ (ጅማቱ ሲመታ እግሩ በራሱ መዝለሉ) የጠፋ ይመስላልና። በወገቧ ማደንዘዣ ለተወጋች እናት ግን ጉልበት ምንም አይነግረንም፤ የክንዷን ሪፍሌክስ በክርኗ በኩል አያለሁ። መድኃኒቱ ሲበዛ ቀድሞ የሚጠፋው ሪፍሌክስ ነው፣ ትንፋሽ ከዚያ በኋላ ይደክማል፤ ጉልበቱን የዘለለ ሰው የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ዘለለ።

ሦስተኛው ሽንት ነው፦ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ በ4 ሰዓት 120። ማግኒዚየም የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ሽንት ካነሰ የቀደመው ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ንባቡ ነው፤ የሽንት ከረጢቱ መቼ እንደተደፋ ካልተጻፈ 300 ሚሊ ሊትርም ትርጉም የለውም። በየመርፌው ደፍቼ ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ አነሰ ከማለቴ በፊትም ቱቦው መታጠፉን አያለሁ።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አልወጋም፤ ሐኪም እጠራለሁ። ትንፋሿ ከቆመ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ ማስተንፈሻ) እያስተነፈስን ማርከሻው፣ 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር የ10 በመቶ፣ በደም ስር ቀስ ተብሎ ይሰጣል። አምፑሉና ሲሪንጁ ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ማርከሻ እንደሌለ ነው።

ሕክምናው ከወሊዱ ወይም ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ፣ ከዘገየው ጀምሮ 24 ሰዓት ይቀጥላል። በመካከሉ ፈረቃ ስለሚቀየር ለተረካቢዋ የመጨረሻውን መርፌ ሰዓት፣ ግራምና ጎን አልጋው አጠገብ ቆመን ካርዱን እያሳየሁ አስረክባለሁ። ጨቅላውን ለሚቀበሉትም እናትየው ማግኒዚየም ላይ መሆኗን ከመውለዷ በፊት እነግራለሁ፤ ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሎ፣ ትንፋሹም ደክሞ ሊወለድ ይችላል።