የኮክ ኬክ በደሴ፦ መሃሉ መስመጥ አቆመ

ኬኩ ቆመ! መሃሉ አልሰመጠም፣ ኮኩም ወደ ታች አልወረደም። ደሴ ላይ ኬክ የምትጋግሩ ይህ ቀላል ወሬ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሞቅ እንዳልኩ ልጻፈው።

ጅማሬዬን ቶሎ ልለፈው። እንደ ብዙዎቻችሁ ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት። እንቁላል መምታት፣ ዱቄት መንፋት፣ መጋገሪያውን ዘይት መቀባት ቶሎ የሚለመድ ነገር ነው። ክሬም ላይ ጊዜ አላጠፋሁም። ክሬም ጉድ መሸፈኛ ነው ባይ ነኝ። እኔ የምፈልገው አቦል ሲቀዳ አብሮ የሚቆረስ፣ ላዩ ላይ ፍሬ የተደረደረበት ተራ ኬክ ነው።

ያስቸገረኝ መሃሉ ነበር። ኬኩ ኦቨን ውስጥ ኩፍ ይላል፣ ያምራል። ከዚያ በመስታወቱ እያየሁት ሟሸሽ ይላል። ሲቆረጥ ዳሩ ደረቅ፣ መሃሉ ገና ሊጥ። ምክር ደግሞ ሞልቷል። አንዷ «ኦቨኑን ቶሎ ከፍተሽው ነው» ትላለች። ሌላዋ «እንቁላሉን በደንብ አልመታሽውም» ትላለች። ከሁሉ የምታናድደኝ «እጅሽ ነው» የምትለዋ ናት። ለወጥ እጅ ይኑር፣ አልከራከርም። ኬክ ግን በሚዛንና በሙቀት ነው የሚሠራው።

ነገሩ የገባኝ በእህቴ ኬክ ነው። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። አሠራራችን አንድ ነው፣ ፉርኖ ዱቄቱንም ቤኪንግ ፓውደሩንም የገዛነው ከአንድ ሱቅ ነው። የእሷ መሃሉ ትንሽ ጎደል ይላል እንጂ ይቆማል። የእኔ ጉድጓድ ይሠራል። በመካከላችን ያለው የሐረጎ ተራራ ብቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ሌላ ነው፤ ኮምቦልቻ ከ1,800 እስከ 1,900 ሜትር ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነው እኮ በከንቱ አይደለም።

እኛ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ አልበስል እያለ የሚያንገላታን በዚሁ ምክንያት ነው። ኬኩ ላይ ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ከልክ በላይ ይለጠጣል፣ ያውም ቶሎ። ዱቄቱና እንቁላሉ ገና አልረጉም። አረፋው ይፈነዳል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ኬኩም ይወርዳል። ስኳር ነገሩን ያባብሰዋል። ስኳር ሲበዛ የዱቄቱ ስታርችም እንቁላሉም የሚረጉበት ሙቀት ከፍ ይላል፣ ማለትም ኬኩ ሊጥ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃውም ቶሎ ስለሚተን የቀረው ሊጥ ይበልጥ ስኳራም ይሆናል።

በቪዲዮ የምናየው አሠራር ለቆላ አገርና ለባሕር ጠረፍ የተሰፈረ ነው። ደሴን አያውቃትም።

እንግዲህ የቀየርኩትን ልንገራችሁ። መነሻዬ 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 3 እንቁላል፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 120 ግራም እርጎ፣ ትንሽ ጨውና ቫኒላ ነበር። ስፋቱ 22 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክብ መጋገሪያ ይበቃል። አሁን ስኳሩን 150 ግራም አድርጌዋለሁ። ቤኪንግ ፓውደሩን አንድ የሻይ ማንኪያ ከሩብ፣ ያውም በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ። እርጎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ። የኦቨኑን ሙቀት ከ175 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ አደረግኩ፣ ጋዙ ሳያመልጥ ኬኩ ቶሎ እንዲይዝ። ከ30 ደቂቃ በኋላ በስንጥር ወጋ አድርጋችሁ እዩት።

ኬክ ሲሰምጥባቸው ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። «አልነፋ አለ» ብለው። እዚህ ከተማ ይህ በሽታውን ራሱን እንደ መድኃኒት መስጠት ነው። ቀንሱ።

እንቁላል ላይም ብዙዎቻችን አንጠነቀቅም። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው። የፈረንጅ የምንለው ከ55 እስከ 60 ይደርሳል። ቪዲዮው «3 እንቁላል» ሲል የሚያስበው ትልቁን ነው። የሐበሻ ከሆነ 4 ያስፈልጋችኋል። ኬኩን ደግፎ የሚያቆመው እንቁላሉ ስለሆነ አንድ እንቁላል መጉደሉ ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘብ ካላችሁ ከማንኛውም ጌጠኛ መጋገሪያ በፊት የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። በስኒ የሚለኩ ሰዎች ሁሌም የሚጨቃጨቁት ስኒያቸው ስለሚለያይ ነው።

አሁን ወደምወደው ዘዴ ልምጣ። የኦቨን ቁልፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። የእኔ 190 እያለ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ሙቀት ይሰጥ ነበር። ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ ስኳር አለላችሁ። ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርጋችሁ በሞቀው ኦቨን ውስጥ 15 ደቂቃ ተዉት። ነጭ ሆኖ ከቆየ ኦቨናችሁ ከ186 በታች ነው፣ ቁልፉን ትንሽ አዙሩ። ዳር ዳሩን መቅለጥ ከጀመረ በትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ። ቶሎ ቀልጦ ከቡናማ አልፎ ከጠቆረ አብዝታችሁታል። እኔ ይህን ሠርቼ ኦቨኔ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰምሬበታለሁ። ቤተሰቡ ስቆብኛል፣ ይሳቁ። ኬኩን ግን ይበላሉ።

ፍሬውን በተመለከተ፣ ክረምት ሲገባ የእኛ ፍሬ ኮክ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ የምናገኘው የአገር ቤት ኮክ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ጠንከር ያለ ነው። ብዙ ሰው ለኬክ የበሰለና የለሰለሰ ይፈልጋል። አልስማማም። የለሰለሰው ውሃውን ይለቅና ሥሩ ያለውን ሊጥ ያረጥበዋል። ጥሩው ሲጫኑት ጠንካራ ሆኖ ሽታው የመጣ ኮክ ነው። የውስጥ ፍሬው ከሥጋው አልላቀቅም ስለሚል ለሁለት እከፍላለሁ ብላችሁ አትታገሉ። ቁልቁል አቁማችሁ በቢላ ዙሪያውን ቆራርጡት። ስስ ይሁን፣ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። ልጣጩን እተወዋለሁ፤ ጸጉሩን ግን በጨርቅ እሸት አድርጌ አጥባለሁ።

ከሊጡ ጋር አታማስሉት። ላዩ ላይ ደርድሩት፣ ጫን አታድርጉት። ኬኩ ኩፍ ሲል ራሱ ያቅፈዋል። ስኳር የምትነሰንሱበት ከሆነ ወደ ኦቨን ልትከቱት ስትሉ ብቻ ይሁን፣ ምክንያቱም ስኳር የነካው ፍሬ ወዲያው ውሃ ማውጣት ይጀምራል። «ዱቄት ንክር አድርጊው፣ አይሰምጥም» የሚለውን ምክር ሞክሬዋለሁ። ሊጡ ቀጭን ከሆነ ዱቄቱም አያድነውም። ሊጡ ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ዱቄቱ አያስፈልግም።

ማንጎ የሚሉ አሉ። ከመርሳ የሚመጣው ማንጎ እንዲሁ ሲበላ ወደር የለውም። ኬክ ላይ ግን ውሃው ብዙ ነው፣ ጭማቂው የወረደበት ቦታ ሁሉ አይበስልም። እንዲሁ ብሉት። በለስ ደግሞ ውሃና ፍሬ ብቻ ነው፣ ለኬክ አታስቡት።

ኦቨን ለሌላችሁ፣ ድስት ውስጥ ጨው ወይም አሸዋ አንጥፎ መጋገር ይሠራል። ነገር ግን ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሆነ ላዩ ገርጥቶ ይቀራል፣ ፍሬውም በእንፋሎት ይቀቀላል። ሁለት መላ አለ። አንዱ ፍሬውን ከነስኳሩ መጋገሪያው ሥር ደርድሮ ሊጡን በላዩ ማፍሰስ፣ ሲበስል መገልበጥ። ሌላው እናቶቻችን ለድፎ የሚያደርጉት ነው፦ እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች። ብረት ክዳን ላይ ፍም አድርጉበት። የመጋገሪያ ወረቀት ከጠፋም ኮባ አለ። ቅጠሉን እሳት አሳይቶ ማለስለስና ሥሩ ማንጠፍ ነው። አይጣበቅም፣ ሽታው ደግሞ ለብቻው ነው። እኔ አሁን ወረቀት ቢኖርም ኮባ ነው የማነጥፈው።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ኦቨኑን አትክፈቱ። ላዩ ከያዘ በኋላ ከሆነ በቀረው ሙቀት ሊበስል ይችላል። ገና ሊጥ ሳለ ከሆነ አብሽሩ፣ ነገም ቀን ነው።

የቀረኝ የጾሙ ኬክ ነው። ኮክ በሚበዛበት ወቅት ፍልሰታ ይገባል፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15። ጎረቤታችን እማማ ቡና ላይ ኬኩን አይተው «ለእኔስ የሚሆን የለሽም፣ ልጄ?» አሉኝ። እንቁላልም እርጎም የለም ማለት ነው። በ200 ግራም ዱቄት ላይ ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ ይዤ እየሞከርኩ ነው። ሁለቱ እንደተገናኙ ጋዙ ወዲያው ስለሚነሳ ሊጡን ሳያስቀምጡ ወደ ኦቨን መክተት ግድ ነው፤ እሱን ተክኜበታለሁ። ግን ደግፎ የሚያቆመው እንቁላል ስለሌለ አሁንም ጠፍጣፋ ነው የሚወጣው። የተፈጨ ሙዝ ስጨምርበት ያዝ አደረገ፣ ኮኩን ግን ጣዕሙን ዋጠው። ሶዳውን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዝቅ ሳደርገው ትንሽ ተሻለ፣ አሁን እዚያ ላይ ነኝ። እማማ እስካሁን «ይበላል» ብለውኛል፣ «ይጥማል» ግን አላሉኝም። ላሊበላና ወረኢሉ ያላችሁ፣ እናንተም እንደ እኛ ከፍታ ላይ ናችሁና፣ ያለ እንቁላል የቆመላችሁ ካለ ልኩን በግራም ጻፉልኝ። በስኒ ከሆነ አልቀበልም።