ኤርዝ ሳታስፈትሹ ሰርጅ ፕሮቴክተር አትግዙ

ብር ከማውጣቴ በፊት አንድ ሰው ይህን ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ሰርጅ ፕሮቴክተር ማለት ዕቃን ከድንገተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት የሚጠብቅ መሰኪያ ነው፤ ኤርዝ ደግሞ ያፈነገጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ።

ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፐልስ፣ ማለትም ብልጭ ብሎ ስለሚያልፍ ኃይለኛ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ፣ ዩቲዩብ ላይ የማይወራ ነገር የለም። መነሻው ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የኑክሌር ቦምብ አፈንድታ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሃዋይ ውስጥ የመንገድ መብራቶች ጠፍተዋል። ከዚያ ተነስቶ ራውተሩን በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉ የሚል መካሪ ሞልቷል። ጠቅልሉ፣ አልከለክልም፤ የተጠቀለለ ራውተር ግን ኢንተርኔት አይሰጥም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚጨርሰው የክረምት መብረቅና ዓመቱን ሙሉ ከምሰሶ የሚመጣ ጣጣ ነው።

መብረቅም ፐልስ ነው። ጉዳት ለማድረስ የግድ ጣሪያችሁን መምታት የለበትም። ሰፈር ውስጥ ሲወርድ ረጅም ሽቦ ሁሉ እንደ አንቴና ይቀበለዋል፦ የመብራት መስመሩ፣ የስልክ መስመሩ፣ የዲሽ ኬብሉ። ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅለው የዲሽ ኬብሉን እዚያው የሚተዉ ሰዎች ሪሲቨራቸው ሲቃጠል የሚገርማቸው ይህን ስለማያውቁ ነው። ደመናው ሲጠቁር ሁሉንም ንቀሉ፣ በተለይ የስልክ መስመሩን ከራውተሩ። ቤቱን በቀጥታ ከመታው ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ምንም ነገር አያድናችሁም።

ከዚያ ግዢው። የሚዋዥቅ ቮልት የሚያስተካክለውን ስታብላይዘር ለፍሪጅ ብቻ ገዛሁ። ባለሱቁ ለቴሌቪዥኑም ውሰድ ብሎ ነበር፣ አልሰማሁትም። አብዛኛው የዛሬ ቴሌቪዥን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል፣ ከጀርባው ተጽፎላችኋል። የሚያስፈልገው ቮልት ከልክ ሲወጣ የሚቆርጥ ዕቃ ነው። ከ180 በታች ሲወርድ ወይም ከ260 በላይ ሲወጣ የሚያጠፋ፣ መብራት ሲመለስም ለፍሪጁ ሲል ጥቂት ደቂቃ የሚጠብቅ። ብዙ ሰው ሰርጅ ፕሮቴክተር ይህን የሚሠራ ይመስለዋል። አይሠራም። ውስጡ ያለችው ቫሪስተር የምትባል ክብ ነገር የተሠራችው ብልጭ ብሎ ለሚያልፍ ፐልስ ነው፤ 350 ቮልት መጥቶ ደቂቃዎች ከቆየባት ራሷ ትቃጠላለች። ደግሞም ኤርዝ ከሌለ ግማሽ ሥራዋን አትሠራም።

ኤርዝ። እዚህ ላይ ነው የተበላሁት።

ቤታችን ሰሚት አካባቢ ነው። ሶኬቶቹ ሁሉ የኤርዝ ቦታ አላቸው፣ ሽቦ ግን አልነበራቸውም። ዕቃውን የገዛሁበት ሱቅ አንድ ኤሌክትሪሻን አገናኘኝ። ልጁ ፈጣን ነው፣ አፉም ጣፋጭ። «አያስቡ ጋሼ፣ እስከ ምሳ ይጠናቀቃል» አለ፣ እውነትም እስከ ምሳ አለቀ። ጓሮ ከአጥሩ ሥር አንድ ቁራጭ ፌሮ ቀበረ፣ ሽቦ አሰረበት፣ ሶኬቶቹን እየከፈተ ዘጋ። ከዚያ አምፖል ወስዶ አንዱን ጫፍ ከፌዙ (ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላውን ከኤርዙ አገናኘና ቦግ አለ። «ይኸው፣ ኤርዝዎ ይሠራል!» ከፈልኩት። ጉርሻም ጨመርኩ፣ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ማታ መብራቱ ድንገት ደመቀ። ደመቀ ስል አምፖሉ ዓይን አላስገልጥ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ደግሞ ጭል ጭል ይላል። ይህን ካያችሁ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ፣ ኑትራል፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ ተበጥሷል ማለት ነው። ኑትራሉ ሲሄድ ቤቶቹ በሁለት ፌዝ መካከል ይንጠለጠላሉ፤ ጭነት የበዛበት ወገን ይወርድበታል፣ ያነሰበት እስከ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። የኛ መቁረጫ ወዲያው ቆረጠ፣ ዋናውን ብሬከርም አወረድኩት። ዕቃው ተረፈ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ባለቤቴ ጨለማ ውስጥ የልብስ ማጠቢያውን ነካችና ነዘራት፣ ጮኸች።

ዋናው ብሬከር ወርዶ! ቤቱ ጨለማ ሆኖ!

የአደጋ ጥገና ስልክ ላይ ያነሳችው ልጅ «ብሬከሩ ከወረደ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም» ብላ ተከራከረችኝ። ነዝሯታል እኮ እላታለሁ፣ የለም ትለኛለች። ሰዎቹ በነጋታው መጡ፣ ትራንስፎርመሩ አጠገብ የላላውን ኑትራል አጠበቁና ሄዱ። የጎረቤታችን ፍሪጅ ተቃጥሎ ነበር፤ ማን ይከፍለኛል ቢል ማመልከቻ ያስገቡ ተባለ። ከቆጣሪ ወዲህ ያለው ኃላፊነት የራሳችሁ ነው የምትለዋን ደግሞ አልረሷትም።

ምክንያቱን ያገኙት ሌላ፣ በዕድሜ የገፉ ኤሌክትሪሻን ናቸው። አንዱን ሶኬት ፈቱና «ና ልጄ፣ ይቺን ተመልከት» አሉኝ። ጣት የማታክል ሽቦ፣ ከኑትራሉ ብሎን ወደ ኤርዙ ብሎን። ሁሉም ሶኬት ላይ ናት። አምፖሉ ቦግ ያለው በኑትራሉ በኩል እንጂ በፌሮው አልነበረም። ተራው ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው፤ ኑትራሉ ከሰፈሩ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ስለዚህ ውጭ ኑትራሉ ሲበጠስ የሰፈሩ ቮልት በዚያች ሽቦ አድርጎ የማጠቢያው አካል ላይ ወጣ። ክንድ ያህል ብቻ የተቀበረ ፌሮ ደግሞ ይህን ቮልት ወደ መሬት ሊያወርደው አይችልም። ኤርዝ ባይኖረኝ ኖሮ ባለቤቴ አትነዘርም ነበር። የልጁ ኤርዝ ከምንም የባሰ ነው።

ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» አለና ዘጋው። የሚያስፈራው እውነቱን ሊሆን መቻሉ ነው።

ሽማግሌው ሽቦዎቹን ሁሉ አወጡ። ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ መዳብ የለበሰ ዘንግ አስገዙኝና እርጥበት የማያጣ ጥግ ላይ መቱት። አፈራችን ዋልካ ነው፤ ዋልካ እርጥብ ሲሆን ጥሩ ያስተላልፋል፣ በጋ ሲሰነጠቅ ግን ከዘንጉ ይላቀቃል፣ ውኃ ማጠጣት አለባችሁ። በመሣሪያ አስለኩት፤ በአምፖል የሚፈትን ሰው ቤታችሁ አይግባ። ዋናው ብሬከርም ፌዝና ኑትራል አብሮ በሚቆርጥ ተቀየረ።

ሱቅ ውስጥ «ኤርዝ ካለ በቃ» ይሏችኋል። አይበቃም። የኤርዛችሁ ተቃውሞ 40 ኦም ቢሆንና ፌዙ የዕቃውን አካል ቢነካ፣ 220 ቮልት ለ40 ሲካፈል 5.5 አምፔር ነው፤ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወድቅም፣ የዕቃው አካል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚወድቅ የኤርዝ ሊኬጅ ብሬከር አስገቡ። ብልሽት ያለበት ዕቃ ሲሰካ ይወድቃል፣ ያናድዳል። ማን እንዳወረደው ፈልጉ እንጂ ብሬከሩን አታስወጡ።

ሰርጅ ፕሮቴክተሩን የገዛሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቫሪስተሯ በሠራች ቁጥር እየደከመች ትሄዳለች። መከላከያው እንደሚሠራ የምታሳየው ትንሽ መብራት ከጠፋች የቀረው ተራ ዲቫይደር ነው፤ ቻርጀር ሰኩበት፣ ቴሌቪዥኑን ግን ከዚያ ላይ ንቀሉት።