የፒካፔ ኮፈን መቆለፊያ አስቸግሮኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት

የፒካፔ ኮፈን፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ እምቢ ማለት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ከመሪው ስር ያለውን እጀታ ስስብ እጀታው ይመጣል፣ ኮፈኑ ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ ሰው ከላይ በመዳፉ ጫን ሲያደርግልኝ ብቻ ይለቃል። እጀታውን ከመቆለፊያው የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ፣ ካቮው፣ ሊበጠስ ነው ብዬ አዲስ ለመግዛት ሁሉ ተነስቼ ነበር።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከራዲያተሩ በላይ ያለውን መቆለፊያ በእጅ ባትሪ አየሁት። ካቮው ደህና ነው። የተያዘው ምላሱ ነው፣ የኮፈኑን ቀለበት ይዞ የሚቆልፈው ብረት። አሮጌው ግሪስ አቧራ እየጠጣ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፤ በሞላው ጥምዝ መሃል ደግሞ አሸዋ ተሰግስጓል። ከዚያ በፊት እዚያው ቆሻሻ ላይ አዲስ ግሪስ ደርቤ ቀብቼ ነበር። ለጥቂት ቀን ለቀቅ አለ፣ ከዚያ ባሰበት። ሳይጸዳ የተቀባ ግሪስ ሊጡን ማወፈር ብቻ ነው።

አሁን ግን ከማጽዳቱ ጀመርኩ። እጣቢው ራዲያተሩና ቺንጊያው ላይ እንዳይንጠባጠብ ከስር ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ጓንትና መነጽር አደረግኩ፤ ብሩሹ ሲፈናጠር ዓይን ውስጥ ይገባልና መነጽሩን እንዳትተዉት። ግሪስ የሚያሟሟ ስፕሬይ እየነፋሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ምላሱን በካቻቢቴ ወዲያ ወዲህ ሳንቀሳቅሰው ከውስጥ ሌላ ጥቁር ነገር ይወጣል። ጠረግኩ፣ ነፋሁ፣ ደግሜ ጠረግኩ። ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ አላቆምኩም። ብሎኖቹን አልነካሁም፤ መቆለፊያውን ፈትታችሁ ማውጣት ካለባችሁ ግን መጀመሪያ ዙሪያውን በማርከር አስምሩበት፣ ቦታውን ከሳተ ኮፈኑ በትክክል አይገጥምም።

ሲደርቅ ነጭ ሊቲየም ግሪስ ቀባሁ። ምላሱ የሚዞርበት ፒን ላይ፣ የሞላው ሁለት ጫፍ ላይ፣ ከኮፈኑ ቀለበት ጋር የሚፋተግበት ቦታ ላይ፣ ስስ አድርጌ። ካቮው ጫፍ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩ። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ የተያዘን ነገር ለማስለቀቅ ጎበዝ ነው፣ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ የግሪስን ቦታ አይተካም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሁለተኛው መንጠቆ ነው፣ ኮፈኑ ከፍ ካለ በኋላ በጣት የምንገፋው። ሳጸዳ ገፋ አድርጌ ስለቀው እዚያው ቀረ። ዋናው መቆለፊያ መንገድ ላይ ቢከፈት ኮፈኑ ተነስቶ የፊት መስታወቱን እንዳይጋርድ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው! ስለዚህ እሱንም እንደ አዲስ አጠብኩት፤ በሞላው ኃይል ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪመለስ ድረስ ታገልኩት።

ኮፈኑን ከመዝጋቴ በፊት ምላሱን በካቻቢቴ ወደ ታች ገፍቼ ቆለፍኩትና ከውስጥ እጀታውን ሳብኩ። ለቀቀ። ይህን ሳትሞክሩ እንዳትዘጉ፤ ተዘግቶ እምቢ ካለ ማስከፈቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ዘጋሁት፣ እጀታውን ሳብኩ፣ መንጠቆውን ሳልነካ ኮፈኑን ወደ ላይ ጎተት አደረግኩት፤ ያዘው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ማንም ከላይ ሳይጫንልኝ ብድግ አለ።