የእንጨቱ ሣጥን

ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚታደለው ታብሌት የወጣበትን ገንዘብ ይመልሳል ወይ? ይህን እንዳጠና ታዝዤ ሁለት ሳምንት ሠንጠረዥ ላይ ተጎንብሼ ከረምኩ። በአንድ በኩል የመሣሪያውን ዋጋ፣ የሥልጠናውን አበልና የኢንተርኔቱን ክፍያ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሚቆጠበውን ሰዓትና ክትባት አቋርጠው የተገኙ ሕፃናትን አሰፈርኩ። የመጪዎቹን ዓመታት ሒሳብ በተለመደው 3 በመቶ እየቀነስኩ ወደ ዛሬ ዋጋ መለስኩት። ታብሌቱ አትራፊ ሆነ።

ሪፖርቱን ላስረክብ አራት ቀን ሲቀረኝ ወደ አንድ ጤና ኬላ ወረድኩ። የሄድኩት ለሽፋኑ የሚሆን ፎቶግራፍ ለማንሳት ብቻ ነበር።

ባለሙያዋ ከቤት ለቤት ጉብኝት የተመለሰችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። አቧራዋን አራግፋ ታብሌቱን ሶላሩ ላይ ሰካችና ከመደርደሪያው የየቤቱ የጤና መረጃ የሚጻፍባቸውን የቤተሰብ ማኅደሮች አወረደች። ቀን በታብሌቱ የመዘገበችውን በሙሉ በእስክሪብቶ መገልበጥ ጀመረች።

“እህቴ፣ ለምን ሁለት ጊዜ?” አልኳት።

“ከወረዳ ለክትትል ሲመጡ የሚያዩት ወረቀቱን ነው። ደግሞስ ይኼ ቢበላሽ በምን ልሠራ?”

ሰዓቴን አየሁ። 50 ደቂቃ ፈጀባት። ያ ጊዜ በእኔ ሠንጠረዥ “የተቆጠበ” ተብሎ በብር ተተምኗል።

ጠረጴዛው ጥግ በወራት የተከፋፈለ የእንጨት ሣጥን ነበር። የእናቶችና የሕፃናት ካርዶች በቀጠሯቸው ወር ይገቡበታል፤ ወሩ ሲያልቅ እዚያው የቀረ ካርድ ከቀጠሮው የቀረ ሰው ነው። አንዱን መዛ አሳየችኝ። በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ሦስተኛውን የፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን የሚከላከል) ክትባት ያልወሰደ ሕፃን ነው። ታብሌቱም ያንኑ ስም አውጥቶታል። እሷ ግን እናቱን ያን ዕለት ጧት አነጋግራት ነበር።

በጣም ደነገጥኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ ሴቶች የቀረን ሕፃን በእግራቸው ሲፈልጉ ኖረዋል። እኔ ግን የተገኘውን ሕፃን ሁሉ የታብሌቱ ውለታ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ያነጻጸርኩት ከባዶ ቤት ጋር ነበር፤ ቤቱ ግን ባዶ አልነበረም።

“እንግዲያው ታብሌቱ ምን ጠቀመሽ?”

ትንሽ አሰበች። “ወደ ጤና ጣቢያ የላክኋት ነፍሰ ጡር መድረሷን ሣጥኑ አይነግረኝም። ድሮ ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር የምጠይቀው። አሁን እዚሁ አየዋለሁ፣ ይመልከቱ።”

በዚያች ሌሊት የሠንጠረዡን ግማሽ ሰረዝኩ። ሣጥኑ ሊሠራው የማይችለውን ብቻ በጥቅም በኩል ተውኩ። ትርፉ በጣም አነሰ፤ አለቃዬም ደስ አላላቸውም፣ ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ግን ሪፖርቱ እንዳረምኩት ሄደ። በወጪው ዓምድ አናት ላይ የሰፈረው የታብሌቱ ዋጋ አልነበረም፤ “የምሽት ግልበጣ፣ በቀን 50 ደቂቃ” የሚል ነበር።