የተራራ ጫማ ሥራችን በፎርማ ብዛት ነው ያደገው

መርካቶ አካባቢ በቤተሰብ የምንሠራውን የተራራ ጫማ ለማሳደግ መጀመሪያ ሠራተኛ ጨመርን፤ ምርቱ ግን ፈቀቅ አላለም። ማነቆው ፎርማው፣ ማለትም ቆዳው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ያለው መሣሪያ ነበር። ወፍራም ቆዳ ተወጥሮ ፎርማ ላይ ቢያንስ 24 ሰዓት ካልቆየ ቅርጹን አይይዝም፤ ቶሎ ከወጣ ጣት ላይ ይሸበሸባል። 12 ጥንድ ፎርማ ያለው ሰው ሃያ ሠራተኛ ቢቀጥርም በቀን ከ12 ጥንድ አያልፍም። ስለዚህ ለማሽን ያሰብነውን ብር ፎርማ ገዛንበት። ለወንድ ጫማ አንዱን ደርዘን ከ39 ቁጥር አንድ፣ ከ40 ሁለት፣ ከ41 ሦስት፣ ከ42 ሦስት፣ ከ43 ሁለት፣ ከ44 አንድ አድርገን እናባዛለን። ሁሉንም ቁጥር እኩል የገዛን ጊዜ 39 እና 44 ቁጥር መደርደሪያ ላይ ቀሩ።

የቢሮ ጫማ ፎርማ ለሰሜን ተራሮች ቁልቁለት አይሆንም። እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና ጥፍር ይጠቁራል። ከአውራ ጣት ፊት ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ እንተዋለን፤ ልክ የምንወስደውም ወፍራም ካልሲ አስደርገን ነው።

ቆዳው ከ2.2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። የጀርባው ለፊትና ለተረከዝ ይሄዳል፤ የሆዱ ስለሚለጠጥ ለምላስ ብቻ። ከመቁረጣችን በፊት ገልብጠን በሥጋው በኩል የቢላ ጭረት እንፈልጋለን። ከላይ አይታይም፣ ሲወጠር ግን እዚያው ላይ ይቀደዳል።

ብዙ ጫማ የተመለሰብን ሶል እየለቀቀ ነው፤ በተለይ በክረምት። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ዓይነት ጥርሳም የጎማ ሶል ድንጋይ ስለሚቧጥጥ በየእርምጃው ማስቲሹን ይጎትተዋል። የቆዳው ልስልስ ገጽ ተፍቆ የውስጥ ቃጫው እስኪታይ መሻከር አለበት፤ አቧራው በብሩሽ ይጠረጋል። ጎማው ላይ ከማምረቻው የቀረ ቅባት ስላለ እሱም ተፍቆ ፕራይመር (ማስቲሹ እንዲይዝ የሚረዳ ቅብ) ይቀባል። ማስቲሹን ሁለት ጊዜ እንቀባለን፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ቆዳው ይጠጣዋል። በየመሃሉ 20 ደቂቃ ያህል እናደርቃለን። በእርጥብ አየር ማስቲሹ ሲደርቅ ገጹ ይቀዘቅዝና በዓይን የማይታይ ጤዛ ይይዛል፤ እንዲያው ከተጣበቀ ደህና መስሎ ይወጣና መንገድ ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቀን ሳይቀዘቅዝ ወዲያው በመጫኛ እንጫነዋለን።

ሥራው ሲያድግ ብሩ አለቀ። ቆዳና ሶል በእጅ በእጅ እየገዛን ለሱቆች በዱቤ እንሰጥ ስለነበር ትዕዛዝ በበዛ ቁጥር ኪሳችን ይራቆት ነበር። አሁን ግማሽ ቀብድ ሳንቀበል ቆዳ አንቆርጥም። ለእያንዳንዳችን ደመወዝ ወስነናል፤ ከካዝናው ለቤት አስቤዛ ብር ማንሳትም ቀርቷል። ቀብድ እንቢ ያሉ ሱቆችን ትተን ደባርቅ ላሉ አስጎብኚዎች በቀጥታ መሸጥ የጀመርነው ያኔ ነው።

አብረው ከተጣበቁት ከየዙሩ ጫማዎች የአንዱ ሶል በማግስቱ በጉጠት ይላቀቃል። የቆዳው ቃጫ ተቦጭቆ ሶሉ ላይ ከቀረ ዙሩ ይሸጣል። ማስቲሹ እንደ ላስቲክ ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ ግን ሁሉም ሶል ተነቅሎ ከመፋቅ ይጀመራል።