ስፖኪዮውን ያላየው ካሜራ

ጋሼ ወደ ጋራዣችን የመጡት መኪናቸው ተበላሽቶ አይደለም። የግራ ስፖኪዮ መስታወታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ስለተነቀለ ነው። አያት አካባቢ፣ ከራሳቸው ግቢ በር ላይ፣ በሌሊት። "መጀመሪያ ሲነቀል ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ። ሁለተኛም ሲነቀል እዚያው ሄድኩ። የራሴን መልሼ የገዛሁ ነው የመሰለኝ" አሉኝ። ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ይህን አሁን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ዱባይ ያለው ልጃቸው ዳሽ ካም፣ ማለትም መኪና ውስጥ ተገጥሞ ፊት ለፊት ያለውን የሚቀርጽ ካሜራ ልኮላቸዋል። የሚፈልጉት ግልጽ ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናው ተቆልፎ፣ እሳቸው ተኝተው፣ ካሜራው ግን ነቅቶ ይደር። በሲጋራ መለኮሻው በኩል ከተሰካ ይሄ አይሆንም። መኪናው ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ከፊውዝ ቦክሱ መሳብ ያስፈልጋል። ልጃቸው ለዚህ የሚሆነውንም ገመድ አብሮ ልኳል።

ገመዱ ሦስት ጫፍ አለው። ጥቁሩ ማሳ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው፤ ቀለም ያልተቀባ የቦዲ ቡሎን ላይ ይታሰራል። ቀዩ መኪናው ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ፊውዝ ላይ ይገባል። ቢጫው ደግሞ ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ካለው ፊውዝ ላይ። ካሜራው ቀዩ ሲሞት "አሃ፣ ቆመናል" ብሎ ወደ ዘበኝነቱ ይዞራል፣ የሚበላውንም ከቢጫው ያገኛል። መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን 12 ቮልቱን ወደ 5 ታወርደዋለች። ጎኗ ላይ ሦስት ቁጥር ያላት ማንሸራተቻ አለች፦ 11.6፣ 12.0፣ 12.4። ባትሪው እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ካሜራውን ታጠፋዋለች። ይቺን ማንሸራተቻ ያዙልኝ።

እኔ ሥራ የለመድኩበት ጋራዥ ቢሆን ገመዱን ልጠው ከፊውዙ እግር ጋር ወትፈው፣ "ጨርሰናል" ይሉ ነበር። ይሠራል። እስኪላላ ድረስ። ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚመልሱም ነበሩ። የዚያ መጨረሻው ምን እንደሆነ አንድ ሚኒባስ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። እና እንደዚያ አልሠራም ብዬ ራሴን የምቆጥር ሰው ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ፊውዝ የሚያሰካውን ቅጥያ ገዛሁ። ለካሜራው ባለ 3 አምፔር ፊውዝ አደረግሁ። ቅጥያው አቅጣጫ አለው። ሁለቱ ፊውዞች የሚገናኙበት እግር ኤሌክትሪክ በሚመጣበት በኩል መግባት አለበት። ተገልብጦ ቢሰካም ካሜራው ይሠራል፤ ግን ጭነቱ ሁሉ በነባሩ ፊውዝ በኩል ያልፋል። እሱንም በቴስተር ለይቼ ነው የሰካሁት።

ረዳቴ ገመዱን በመስታወቱ ጎን ሲያወርድ በኤርባጉ ፊት ሊያሳልፈው ነበር። እጁን ያዝኩት። ኤርባግ ሲፈነዳ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። በጀርባው በኩል አስገባነው። የኤርባግና የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ) ፊውዞችንም ማንም እንዳይነካ ነገርኩት። ያን ቀን በጣም አስተማሪ ነበርኩ።

ቀረችኝ የምላት አንድ ነገር ብቻ ነበረች፤ ለቢጫው ሌት ተቀን የሚሠራ ፊውዝ ማግኘት። መኪናው ቁልፍ የማይከተትበት፣ በመጫን የሚነሳው ዓይነት ነው። አጠፋሁት። ባለ መብራቷን ቴስተር አንዱ ፊውዝ ላይ ነካሁ። በራ። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ። አሁንም በራ። "ይሄው" አልኩ። ሰካሁት። ካሜራው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ጋሼ ከፍለው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በአሥረኛው ቀን ተመለሱ። ከመኪናው ሳይወርዱ በእጃቸው ወደ ግራ ጠቆሙኝ። የስፖኪዮው መስታወት የለም። ጥቁር ፕላስቲኩ ብቻ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

"ቪዲዮውን ክፈተው" አሉኝ።

ካሜራው ሰዓቱን የሚጽፈው በፈረንጅ ነው። 20:10 ላይ ጋሼ መኪናውን ያቆማሉ። ወርደው፣ በሩን ዘግተው፣ ግቢ ሲገቡ ይታያል። 20:31 ላይ አንዲት ድመት መንገድ ትሻገራለች። ከዚያ ምንም የለም። የሚቀጥለው ቪዲዮ የጠዋት ነው። ጋሼ በሩን ሲከፍቱና፣ ስፖኪዮውን አይተው "ኧረ በሕግ አምላክ!" ሲሉ።

ረዳቴ በጆሮዬ "ካሜራው ፎርጅድ ነው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ ግን አልተቆጡም። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ "ስህተቱን ራስህ ፈልገው" አሉኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። በስንት ዓመቴ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ መሰለኝ።

ሃያ አንድ ደቂቃ። ደጋግሜ ያሰብኩት እሷን ነው። ካሜራው ተበላሽቶ ቢሆን በየቀኑ የተለያየ ሰዓት ላይ ይጠፋ ነበር። የሌሎቹን ቀኖች ከፈትኩ። ሁሉም ቀን መኪናው ከቆመ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው የሚቆመው። በየምሽቱ አንድ ሰው መጥቶ የሚያጠፋው ይመስላል።

አንድ ሰው ሳይሆን መኪናው ራሱ ነበር። አዳዲሶቹ መኪኖች ስታጠፏቸው ወዲያው አይተኙም። አንዳንዱ መስመር በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ርቆ፣ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው የሚዘጋው። እኔ የፈተንኩት በሩን ከፍቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ ለአንድ ደቂቃ ነው። ያልተኛ ሰው ዓይኑን ስለገለጠ "ይሄ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም" ብዬ ፈረምኩለት።

በዚህኛው ጊዜ ቮልት የሚለካውን መልቲሜትር ፊውዙ ላይ አስሬ፣ የበሩን መቆለፊያ በካቻቪቴ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። በሩ ክፍት ነው፤ መኪናው ግን የተዘጋ ይመስለዋል። እንዲህ ካልተደረገ ፊውዝ ቦክሱ ጋ እጅ አይገባም። በሪሞት ቆለፍኩና ቁልፉን ለረዳቴ ሰጥቼ ማዶ ወዳለችው ቡና አፍዪ ሰደድኩት። ቁልፉ አጠገቡ ካለ እንቅልፍ የማይወስደው መኪና አለ።

12.5 ቮልት። አምስት ደቂቃ፣ 12.5። አሥር ደቂቃ፣ 12.5። ጋሼ ወንበራቸውን አስጠግተው አብረውኝ ቁጥሩን ያያሉ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭ የሚል የሪሌ፣ መስመሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ ድምፅ ተሰማ። መልቲሜትሩ ዜሮ አለ።

"ሌባው ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው?" አሉ ጋሼ።

ቢጫውን ወደ አራቱም ፍሬቻ ፊውዝ አዞርኩት። መኪናው ተቆልፎም ቢሆን አራቱ ፍሬቻ መብራት አለበት፤ ስለዚህ ያ መስመር አይተኛም። እንደገና ቆልፌ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። 12.5 ብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን አፍሬያለሁ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይበዛበታል። "አሁን እስኪነጋ ይቀርጻል" ብዬ ያቺን ማንሸራተቻ ወደ 11.6 ገፋኋት። ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ካሜራው ዳግመኛ ጠፍቶ እንዳላይ ብዬ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ጋሼ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ መኪናውን አቆሙ። ለስቅለት ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ በእግራቸው ሄዱ። ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጡም። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድፎ ዳቦ ተሸክመው ደብረ ዘይት እህታቸው ጋ ሊሄዱ ቢያስነሱት እምቢ አለ። ስልኬ ጮኸ። በበዓል ማግስት የደንበኛ ስልክ ደግ ነገር አያመጣም።

ባትሪው 11.7 ላይ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይዞርም። አውቶማቲክ ስለሆነ ገፍቶ ማስነሳት የለም። ካሜራው ግን ደህና ነው። መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃለች። 11.6 እስኪደርስ ጠብቅ ብዬው የለ፣ ይጠብቃል። ኋላ ቪዲዮውን ስንከፍተው "ምነው ይህን ልጅ ባላመንኩት" የሚል የጋሼ ድምፅ ጥርት ብሎ ተቀርጿል።

ከጎረቤት መኪና በኬብል አስነሳነው። ጋሼ ግን ለመሄድ አልቸኮሉም። የካሜራውን መመሪያ ገልብጠው ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመሩ።

"ካሜራው ስንት ይበላል?"

"ቆሞ ሲቀርጽ 0.3 አምፔር አካባቢ።"

"ከሐሙስ ማታ 2 እስከ ዛሬ ጠዋት 2 ስንት ሰዓት ነው?" ራሳቸው መለሱት፣ "84። በ0.3 ሲባዛ 25.2። ባትሪው ላይ 45 አምፔር-ሰዓት ይላል። 19.8 ይተርፋል። ታዲያ ለምን አልተነሳም?"

45ቱ አዲስ እያለ ነው አልኳቸው። አራት ዓመት የሠራ ባትሪ የተጻፈበትን አይዝም። በዚያ ላይ በእነዚህ ቀናት መኪናው ራሱ ቆሞም ሁለት ሦስት አምፔር-ሰዓት ይበላል። ሙሉ ባትሪ አርፎ 12.6 ገደማ ያሳያል። 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል። 11.8 ላይ የቀረ ነገር የለም። እና 11.6 ላይ አጥፋ ማለት፣ ጀበናው ሲሰነጠቅ ቡናው ፈልቷል እንደማለት ነው።

ዝም ብለው አዩኝ። "ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ማርክ የሰጡኝ ነው የመሰለኝ። አላሳዩኝም።

ማንሸራተቻዋን ወደ 12.4 መለስኳት። ካሜራው ራሱም መኪናው ከቆመ 12 ሰዓት ሲሞላው እንዲጠፋ አደረግሁት። በዚያ ባትሪ ግን 12.4 እኩለ ሌሊትን እንደማያልፍ ነገርኳቸው። ከመኪና መነሣትና ከስፖኪዮ አንዱን መምረጥ አለብዎት አልኩ። ጋሼ ሁለቱንም መረጡ። አዲስ ባትሪ ገዙ። የእጄን አልተቀበልኩም። በአዲሱ ባትሪ አንድ ሌሊት 3.6 ነው የሚበላው፤ ይህንንም ያባዙት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ቀን በላይ መኪናውን የማያንቀሳቅሱ ከሆነ የካሜራውን ገመድ እንዲነቅሉ ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ ስቀመጥ አንድ ነገር ተቀየረ። ካሜራ የሚያስገጥም ሰው ሲመጣ "ቶሎ ይደርሳል?" ካለኝ ሌላ ጋራዥ ይሂድ እላለሁ። ቡና አፍዪዋም ቁልፍ ይዞ ሲመጣባት ረዳቴን ለምን እንደመጣ አትጠይቀውም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ለሻይ ጎራ ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ቪዲዮው 03:12 ይላል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ። አንድ ጅብ በግቢው አጥር ሥር መጥቶ የፊት ጎማውን አሸተተ። ቀና ብሎ ካሜራውን አየ። ከዚያ በግራ በኩል፣ በስፖኪዮው አጠገብ አድርጎ ተንቀራፎ ሄደ።

"አየህ" አሉኝ ጋሼ፣ "ጅብ እንኳ አልነካውም።"